ወንዟ አራስ ናት ያሉት ሰው

ስልኬ ሲጠራ ስብሰባ ላይ ነበርኩ። እኔ መቼም ስብሰባ ላይ ያልሆንኩበት ጊዜ የለም። ቁጥሩን ሳየው የጌታነህ ነው። ጌታነህ ደውሎልኝ አያውቅም። ወጥቼ ኮሪደሩ ላይ አነሳሁት።

«ኢንጅነር፣ ጋሽ እሸቴ አረፉ። ዛሬ ጠዋት ቀበርናቸው» አለኝ።

«ዛሬ? ምነው ሳትነግረኝ!»

«ትናንት ነው ያረፉት። ያ ሳላቸው ጠናባቸው። ስደውልልሽ ኔትወርክ እምቢ አለኝ።» «ማወቅ ያለብሽ መሰለኝ» ብሎ ዘጋው።

ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ አለቀስኩ። ውጭ ደብረ ብርሃን እንደ ልማዷ በነፋስ ትገረፋለች፤ ባጃጆች አቧራውን እየሰነጠቁ ያልፋሉ። ግማሹን ያለቀስኩት ለሳቸው ነው፣ ግማሹን ለራሴ። ለራሴ ያለቀስኩበትን ሳልናገር የሳቸውን መናገር ስለማልችል ሁለቱንም እናገራለሁ።

ጋሽ እሸቴ ከአንኮበር ቁልቁል፣ ጎሽ ውሃ በምትባል ትንሽ ወንዝ ዳር የሚኖሩ ገበሬ ነበሩ። እኔ ሳውቃቸው የመንደሩ የውሃ አባት ነበሩ። የውሃ አባት ማለት በበጋ ወራት የወንዙን ውሃ ለመስኖ የሚያከፋፍል ሰው ነው። ተራ ይሰጣል፣ ቦይ ያስጠርጋል፣ የሰው ተራ የሰረቀውን ይቀጣል፣ በውሃ የተጣላውን ያስታርቃል። ሠላሳ አባወራ ከዚያች ወንዝ ነጭ ሽንኩርትና ድንች ያጠጣል፤ ሠላሳውም ማሳው ሲደርቅበት የሚጮኸው በሳቸው ላይ ነው። አባታቸውም የውሃ አባት ነበሩ። እሳቸው በመንደሩ ሰው ተመርጠው ቦታውን ከያዙ አሥራ አራት ዓመት ሆኗቸው ነበር።

አጭር፣ ደረቅ ያሉ፣ ጆሮአቸው ትልልቅ የሆነ ሰው ነበሩ። ቀኝ እጃቸው ሁልጊዜ ቀዝቃዛ ነው። ውሃ ባዩ ቁጥር ይነክሩታላ! ሰላም ሊሉኝ ሲመጡ መጀመሪያ እጃቸውን በጋቢያቸው ግራና ቀኝ ያብሳሉ፣ ከዚያ ይጨብጡኛል፤ እንዲያም ሆኖ ያንቀጠቅጠኛል። «ሰው በዓይኑ ውሃ አየሁ ሲል አትመኚው፤ ውሃ የሚታየው በእጅ ነው» ይሉኝ ነበር። እኔ ደግሞ ውሃን በወረቀት የተማርኩ ነኝ። ያደግሁትና የተማርኩት አርባ ምንጭ ነው፤ ዓሣ የማውቀው ከሐይቅ ተጠብሶ ሲመጣ ነው። ደብረ ብርሃን የመጣሁት ለሥራ ነበር፤ በአንድ ፕሮጀክት ውስጥ የተራራ ወንዞችን እንድለካ።

ጎሽ ውሃ የወሰደኝ ትራውት የሚባለው ዓሣ ነው። የብርድ አገር ዓሣ ነው፤ ቀዝቃዛና የሚሮጥ ውሃ ካላገኘ አይኖርም። ከዓመታት በፊት የግብርና ሰዎች ከባሌ ተራሮች ጫጩቶቹን አምጥተው በዚያች ወንዝ ለቀዋቸው ነበር። ያኔ መኪናው ቁልቁለቱን መውረድ ሲያቅተው፣ ጫጩቶቹን በጀሪካን በጀርባቸው ተሸክመው ያወረዷቸው ጋሽ እሸቴ ናቸው። ትራውት የሚለው ስም አልጣማቸውም። ጎኑ ነቁጥ ነቁጥ ስላለበት «ነቁጤ» አሉት፤ መንደሩም ነቁጤ አለ።

ነቁጤዎቹ አድገው ክንድ ክንድ አከሉ። ግን አልተባዙም። ትልልቆቹ ይታያሉ፣ ትናንሾች የሉም። እኔ የተላክሁት ለምን እንደሆነ እንዳጣራ ነበር። ለማጣራት ብዙም አልተቸገርኩም፤ ዓሦቹ እንቁላል የሚጥሉት ኅዳር ውስጥ ነው፣ ገበሬው ወንዙን ወደ ቦይ የሚጠልፈውም ኅዳር ውስጥ ነው። እንቁላሉ ጠጠር ውስጥ ሳለ ወንዙ ይጎድልበታል።

ይህንን ለጋሽ እሸቴ ላስረዳ ወረቀቴን ዘረጋሁ። ወረቀቱን በትሕትና ወደ ጎን አደረጉትና «ነይ፣ እዚያው አሳዪኝ» አሉኝ። ወንዙ ዳር ድንጋይ ላይ በሆዳችን ተኛን። አንዲት ትልቅ እናት ጭራዋን እያርገበገበች ጠጠሩን ስትቆፍር አየናት። እንቁላሏን ጣለች፤ መልሳ ጠጠር አለበሰችው። ጋሽ እሸቴ እስትንፋሳቸውን ውጠው ነበር የሚያዩት።

«ከዚህ በኋላ ምን ትፈልጋለች?» አሉኝ በሹክሹክታ።

«እሷ ሥራዋን ጨርሳለች። አሁን የሚፈለገው ውሃው ነው። በጠጠሩ መሃል እየሾለከ ማለፍ አለበት፤ ለእንቁላሎቹ ትንፋሽ የሚያደርስላቸው እሱ ነው። ከበዛ ጠርጎ ይወስዳቸዋል፤ ከሰነፈ ደግሞ ደለል ይጫናቸውና ይታፈናሉ።»

«ስንት ቀን?»

«በዚህ ብርድ፣ አርባ ቀን ቢሆን ነው።»

ከተኙበት ብድግ አሉ። «አርባ ቀን! እንግዲያማ አራስ ናት አትዪኝም!»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ወንዟ አራስ ሆነች። ጠጠሩ ባለበት መሻገሪያ ላይ ግራና ቀኝ ለምለም ቅርንጫፍ ተከሉ። ከብት በዚያ እንዳያልፍ አዘዙ። ውሃ ልትቀዳ የመጣችን ሴት «እትዬ፣ ከታች ዝቅ በይ፣ እዚህ አራስ አለች» ይላሉ። አንድ ቀን በሬውን እየጮኸ የሚነዳ ሰው ሲመጣ ጣታቸውን አፋቸው ላይ አድርገው «እሽሽ!» ሲሉት ሰውየው እውነት መስሎት ባርኔጣውን አወለቀ። እኔ በሳቅ ልሞት ሆነ፤ እሳቸው ግን ኮስተር እንዳሉ ነበሩ።

«ለምን ይህን ያህል ይጨነቃሉ ጋሼ? እርስዎ እንኳ ዓሣ አይበሉም» አልኳቸው።

«በጀርባዬ ያመጣኋቸው እኔ ነኝ» አሉ። «ኑ ብዬ ጠርቼ ቤቴ አስገብቼ ውሃ ልከልክላቸው?»

ሠላሳውን አባወራ ለማሳመን ሦስት እሁድ ፈጀባቸው። በልማዱ የአንድ ሰው ተራ በየስምንት ቀኑ ነው። ለአራሷ ውሃ እንዲተርፋት ቦዩ በግማሽ ይዘጋ ከተባለ ግን በየአሥራ ስድስት ቀኑ ይሆናል። ነጭ ሽንኩርት ይህን ያህል አይታገሥም። አጥብቆ የተቃወመው ጌታነህ ነበር። ጌታነህ በዕድሜ ብዙ አይበልጠኝም፤ ማሳው የቦዩ ጭራ ላይ ስለሆነ ውሃ ሁልጊዜ የሚደርሰው ደክሞ ነው።

«ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም በሚለው እንኳ ያልተስማማን ሰዎች፣ ለዓሣ ብለን ሽንኩርት እናደርቃለን?» ብሎ ሰውን ሁሉ አሳቀ።

ጋሽ እሸቴም አብረው ሳቁ። ሳቁ ሲያበቃ ተነሡ። «የነቢያት ጾም ሲገባ እንዘጋለን፣ ለገና እንከፍታለን። አራሷም ከኛ ጋር ትጹም። ለገና ጫጩት ካላሳየኋችሁ ተጠያቂው እኔ ነኝ፣ ሌላ ሰው አትፈልጉ።»

ጌታነህ አፈጠጠባቸው። «ሌላ ሰው አንፈልግም?»

«አትፈልጉ።»

ቦዩ በግማሽ ተዘጋ።

እኔ ከመመለሴ በፊት ጠጠሩ አጠገብ ቁጥር የተጻፈበት የመለኪያ እንጨት ተከልኩ። ውሃው በደንብ እየሄደ ሳለ ጥልቀቱ የደረሰበትን አየሁና እዚያው ላይ ቀይ ቀለም ቀባሁ። «ከቀዩ እንዳይወርድ፣ በቃ» አልኳቸው። የውሃ ፍጥነት የሚለካ መሣሪያም ነበረኝ፤ ግን አንድ ብቻ ስለሆነ ትቼው መሄድ አልቻልኩም።

ጋሽ እሸቴ ቀዩን አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ከጋቢያቸው ጫፍ አንዲት የገብስ ገለባ አወጡ። «እኔ ደግሞ በዚህ ነው የማየው» አሉ። ገለባዋን ከላይኛው ድንጋይ ጋ ውሃው ላይ ጣሉና እየተከተሏት «አባታችን ሆይ» ማለት ጀመሩ። «የዕለት እንጀራችንን» ሲሉ ገለባዋ ታችኛው ድንጋይ ጋ ደረሰች። «ይኸውልሽ፣ የዕለት እንጀራችንን ላይ ከደረሰች ደህና ነው። አሜን እስክል ከዘገየች ውሃው ሰንፏል።» እኔ ሳቅሁ። የሳቅሁት በክፋት አልነበረም፤ ግን ሳቅሁ።

መንገዱ በዚያን ጊዜ ብዙም የሚታመን ስላልነበረ እንደልቤ አልመላለስም ነበር። በየጠዋቱ ደብረ ብርሃን ድረስ ይደውሉልኛል። «ቀዩ ላይ ናት። አራሷ ደህና ናት» ይላሉ። እኔ በደብተሬ ላይ ምልክት አደርጋለሁ። ሃያ ቀን እንዲህ ሄደ። ከዚያ በኋላ ድምፃቸው እየተለወጠ መጣ። ውርጩ በረታ፣ ምንጮቹ መክሳት ጀመሩ፣ የሽንኩርቱ ቅጠል ጫፉ ቢጫ ሆነ። ሰዎች ጠዋት ጠዋት ቦዩ አፍ ላይ አካፋ ይዘው መቆም ጀምረዋል አሉኝ። ምንም አይናገሩም፤ ይቆማሉ ብቻ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ደወሉ። ስብሰባ ላይ ነበርኩ፤ ወጥቼ አነሳሁ።

«ውሃው ቀነሰ ልጄ። ቀዩ በሁለት ጣት ወጣ።»

«ቦዩን ጨርሰው ይዝጉት ጋሼ።»

«ጨርሼ ከዘጋሁትማ ዛሬ ሰው ይጋደላል። ይኸው ጌታነህ እዚያ ቦዩ አፍ ላይ ቆሟል።» እውነትም ከሩቅ ጭቅጭቅ ይሰማኛል። «ሰዎቹ አንድ ሐሳብ አመጡ። ከመለኪያሽ ዝቅ ብለን በድንጋይና በሣር ብንከትረው፣ ውሃው ተመልሶ ቀዩ ላይ ይቆማል። ቦዩም በግማሹ ይቀጥላል። ግን…»

«ግን ምን?» ኃላፊዬ በሩን ከፍቶ በእጁ ይጠራኛል።

«ትንሽ ከትረን ሞከርነው። ገለባዋ ዘገየችብኝ። አሜን አልኩ፣ አልደረሰችም።»

«ጋሼ፣ ገለባውን ይተዉት። ዋናው ቀዩ ነው። ቀዩ ላይ ከሆነ ይበቃል።»

«ይበቃል?»

«ይበቃል አልኩዎት እኮ!»

ዘግቼ ገባሁ። እንዲህ ያለ ጥፋት ለመሥራት የወሰደብኝ ጊዜ ከሁለት ደቂቃ አይበልጥም። ቀዩ የውሃውን ጥልቀት እንጂ መሄዱን አያሳይም፤ ይህን የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ያውቀዋል። ወንዝ ሲከተር ጥልቀቱ ይጨምራል፣ መሄዱ ይቀራል፣ የያዘውን አፈር ሁሉ እዚያው ያራግፋል። እንቁላሎቹ የሚፈልጉት ደግሞ የሚሄደውን ነው። ጋሽ እሸቴ ይህን በገለባ ደርሰውበት ነበር፤ እኔ በትምህርቴ ከለከልኳቸው።

ከዚያ ወዲያ በየቀኑ «ቀዩ ላይ ናት» ብቻ ይሉኝ ጀመር። «አራሷ ደህና ናት» የሚለውን ትተውታል። አላስተዋልኩም።

ለገና ሦስት ቀን ሲቀረው ሄድኩ። ከሚኒባሱ ወርጄ ቁልቁለቱን ስጨርስ ወንዙ ዳር ተቀምጠው አገኘኋቸው። ውሃው ቀዩ ላይ ነበር፤ ልክ ቀዩ ላይ። ግን አይሄድም። ላዩ እንደ ቆመ ሻይ ስስ ሽፋን ይዟል፣ ጠጠሩን ቡናማ ደለል አልብሶታል።

«ትናንት ገለባ ጣልኩ» አሉ። «አባታችን ሆይን ጨረስኩ። ጸሎተ ሃይማኖትን ጀምሬ ጨረስኩ። ገለባዋ እዚያው ናት።»

ቦት ጫማዬን አጥልቄ ገባሁ፤ ጠጠሩን በእጄ ገለጥኩ። እንቁላሎቹ ነጭ ሆነዋል፤ እንደ ጥጥ ያለ ሻጋታ አብቅለው እርስ በርስ ተጣብቀዋል። ሌላም ቦታ ገለጥኩ፣ ያው ነው። ጋሽ እሸቴ እጃቸውን ዘረጉልኝና ጥቂቶቹን መዳፋቸው ላይ አኖርኩላቸው።

«ሁሉም?»

«ሁሉም ጋሼ።»

መዳፋቸውን ለረጅም ጊዜ ሲያዩ ቆዩ። ከዚያ «ጠይቄሽ ነበር» አሉ። ቢቆጡኝ፣ ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ጋቢያቸውን አጣፍተው ወደ ውሃው ገቡና ክትሩን ድንጋይ በድንጋይ ማፍረስ ጀመሩ፤ እኔም አብሬ አፈረስኩ።

ከገና በኋላ ባለው እሁድ፣ ቅዳሴ እንዳለቀ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጪ ጽድ ሥር መንደሩ ተሰበሰበ። እኔም ተቀመጥኩ። የሰው ሁሉ ፊት ጠቁሯል። ግማሽ ውሃ የጠጣው ሽንኩርት አልያዘም፤ ጌታነህ ከማሳው ነቅሎ ያመጣውን መሃል ላይ ዘረገፈው፤ ራሱ ከአውራ ጣት አይበልጥም።

«ይህ ለምንድነው የከሳው?» አለ። «ለጫጩት ነው ተባልን። ጫጩቱ የታለ? ማነው የሚመልስልን?»

ማን እንደሚመልስ አውቃለሁ። ተነሥቼ «እኔ ነኝ፣ ጋሽ እሸቴ ጠርጥረው ጠይቀውኛል፣ ይበቃል ያልኳቸው እኔ ነኝ» ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። ይህን ካልኩ ነገ ደብረ ብርሃን ይሰማል፤ ከሥራዬ ልባረር እችላለሁ፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ያ ሁሉ ዓይን ወደኔ ይዞራል። ወረቀት አገላበጥኩ። ባዶ ወረቀት!

ጋሽ እሸቴ ተነሡ። ወደኔ ዞር እንኳ አላሉም።

«ድንጋዩን ያስደረደርኩት እኔ ነኝ። ውሃው ሲቆም እያየሁ ዝም ያልኩትም እኔ ነኝ። ተጠያቂው እኔ ነኝ ብያችሁ ነበር፤ አሁንም እኔ ነኝ።»

ጉርምርምታው በረታ። እጃቸውን ከፍ አድርገው ጠበቁ። «ሌላም የምላችሁ አለኝ። ዘግይተው የወረዱ ሁለት እናቶች አሉ። ከላይኛው ጠጠር ላይ ሲቆፍሩ ትናንት በዓይኔ አይቻቸዋለሁ። ሌላ አርባ ቀን ስጡኝ።»

ሰዉ ተንጫጫ። አንዱ «ያብዳሉ እንዴ!» ሲል ሰማሁ። ጌታነህ ድምፁን ከሁሉ በላይ አወጣ። «በምን እንመንዎት ጋሽ እሸቴ? መጀመሪያም ቃል ሰጥተውናል። አሁን የሚሰጡን ምን ቀረዎት?»

ጋሽ እሸቴ የወይራ ዘንጋቸውን አዩት። የቦዩን ውሃ የሚለኩበት ነው፤ በጩቤ የተቆረጠ ምልክት አለው። ከአባታቸው የወረሱት፣ ከእጃቸው የማይለይ ዘንግ ነው። ወደ ጌታነህ ሄዱና ዘረጉለት።

«የውሃ አባትነቱን ውሰዱት። ውሃውን ተዉልኝ።»

ባለቤታቸው እትዬ አስካለ ከሴቶቹ መሃል ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ከካህናቱ አንዱ «እሸቴ፣ ቆርጠሃል?» ብለው ሁለት ጊዜ ጠየቋቸው። ሁለቱንም ጊዜ «ቆርጫለሁ» አሉ። ጌታነህ ዘንጉን ለመቀበል ዘለግ ያለ ጊዜ ወሰደበት። በመጨረሻ ተቀበለ። እኔ አሁንም ወረቀቴን ይዣለሁ።

ሁለተኛው አርባ ቀን ከመጀመሪያው የከፋ ነበር። ጥር ነው፤ ወንዙ ቀጥኗል፣ ፀሐዩ ይጠብሳል፣ ሌሊት ውርጩ ያቃጥላል። የዓመት ፈቃዴን ወስጄ እዚያው ቅርብ ካለችው ጎረቤላ ከተማ አልጋ ያዝኩ። ጋሽ እሸቴ በየጠዋቱ ገለባ ይጥላሉ፣ እኔ በመሣሪያዬ እለካለሁ። ገለባዋና መሣሪያው አንድም ቀን አልተጣሉም። ጌታነህ እየመጣ ቦዩን ያያል፣ ዘንጉን ይነክራል፣ ሰላም ሳይለን ይሄዳል። አዲሱ የውሃ አባት እሱ ነው፤ ቦዩን ልክፈተው ቢል የሚከለክለው የለም። የሱ ማሳ ከሁሉም በፊት እየደረቀ ነበር።

በሃያ ስድስተኛው ቀን ገለባዋ ዘገየች። ጋሽ እሸቴ አሜን ሲሉ ገና መንገድ ላይ ነበረች። ድጋሚ ጣሉ፤ ድጋሚ ዘገየች። ቦዩ ጨርሶ ካልተዘጋ በቀር ያለቀ ነገር ነው። እሳቸው ግን ከእንግዲህ ማዘዝ አይችሉም። ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ጉልበታቸውን አቀፉ።

ጌታነህ ከላይ ሲመጣ አየነው፤ አካፋ ይዟል፤ ከኋላው ስድስት ሰባት ሰው ይከተለዋል። ተነሥቼ ልገታው ስል ጋሽ እሸቴ ክንዴን ያዙኝ። ቦዩ አፍ ላይ ደረሰ። አካፋውን አነሳና ሣር ያለበትን አፈር ቆርጦ ቦዩ አፍ ላይ ጣለ። ደግሞ ቆረጠ፣ ደግሞ ጣለ። ሰዎቹ «ጌታነህ፣ ምን ነካህ? ያንተው ሽንኩርት እኮ ነው!» ብለው ጮኹበት። ጨርሶ ሲደፍነው ላቡን ጠረገና ወደ ጋሽ እሸቴ ዞረ።

«አርባ ቀን ብያለሁ፣ አርባ ቀን ነው። ነቁጤዎችዎ ካልወጡ ግን ዓይንዎን ማየት አልፈልግም።»

«እሺ» አሉ ጋሽ እሸቴ።

በአርባ ሦስተኛው ቀን ወጡ። አርባ አልፎ ሁለቱን ቀን እንዴት እንዳሳለፍነው አላውቅም። ከጠጠሩ መሃል እንደ መርፌ የቀጠኑ፣ ዓይን ብቻ የሆኑ፣ ሆዳቸው ሥር ብርቱካናማ ስንቃቸውን የተሸከሙ ጫጩቶች ብቅ ብቅ አሉ። ጋሽ እሸቴ በሆዳቸው ተኝተው ነበር። እኔ በልማዴ መቁጠር ጀመርኩ፤ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት…»

«አትቁጠሪያቸው!» አሉኝ ተቆጥተው። «አራስ ቤት ገብቶ የሚቆጥር ማነው?» ተቆጥተው ያየኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው። ከዚያ ፊታቸውን ወደ ውሃው መልሰው በልጅ ድምፅ ሳቁ።

መንደሩ ተጠርቶ አየ። ጌታነህም አየ። ሰዉ ደስ አለው። ግን የሄደ ነገር አይመለስም፤ ዘንጉ ከጌታነህ ጋር ቀረ። የመጀመሪያው ጥፋት የጋሽ እሸቴ ነው፤ ራሳቸው ተናግረዋል። ሰው እየሳቀ «የዓሣ አባት» ይላቸው ጀመር፤ እሳቸውም ይስቃሉ። ዓመት ዓመት ቦይ ጠረጋ ሲወጣ ግን የመጀመሪያውን አፈር የሚቆርጠው የውሃ አባት ነው። ጋሽ እሸቴ ከሰው ኋላ ቆመው እጃቸውን በጋቢያቸው ግራና ቀኝ ሲያብሱ አይቻለሁ፤ ያልረጠበ እጃቸውን።

አንድ ጊዜ ብቻቸውን አገኘኋቸውና «ልንገራቸው ጋሼ?» አልኳቸው። «አትንገሪያቸው» ይሉኛል ብዬ ነበር የጠየቅሁት፤ እውነቱ ይህ ነው። እሳቸው ግን «እሱ ያንቺ ጉዳይ ነው ልጄ» አሉኝ። ከዚያ ስለ ውሃው ማውራት ቀጠሉ። እኔም ዘንድሮ እነግራለሁ፣ ለከርሞ እነግራለሁ እያልኩ ሦስት ዓመት አለፈ።

ለሰልስቱ ሄድኩ። እትዬ አስካለን አቅፌ አለቀስኩ። ከዚያ ጌታነህን ከድንኳኑ ውጪ ጠራሁትና አጥሩ ጋ ቆመን ሁሉንም ነገርኩት፤ ስልኩን፣ «ይበቃል?» ብለው የጠየቁኝን፣ የመለስኩላቸውን፣ ጽዱ ሥር ዝም ማለቴን። ስናገር ምድር ምድሩን ነበር የማየው። ሲሰድበኝ ጠበቅሁ። ከተሳደበ ይቀለኛል ብዬ ነበር።

ጌታነህ አልተሳደበም። ጋቢውን ሰበሰበ።

«ይህን ባለፈው ሳምንት እንኳ ብትነግሪን ኖሮ ቦታቸውን እመልስላቸው ነበር» አለኝ። «ሦስት ዓመት ሙሉ የምመልስበትን ሰበብ ስፈልግ ነው የኖርኩት።»

ትቶኝ ወደ ድንኳኑ ገባ።